ጮቄ መንገደኛን ሲጎበኝ

እሳተ ገሞራ መጎብኘት በዘመናችን የተከበረ የመከራ ዓይነት ሆኗል። ጓቲማላ ውስጥ ወጣቶች ጓዛቸውን በጀርባቸው አዝለው ወደ 4,000 ሜትር የሚጠጋውን የአካቴናንጎ ተራራ ይወጡና ጎረቤቱ ፉዌጎ ሲያጓራና ፍም ሲተፋ ለማየት በብርድ ሲንቀጠቀጡ ያድራሉ። ኒካራጓ ውስጥ ሴሮ ኔግሮ ከሚባለው ጥቁር የአመድ ኮረብታ ላይ በጣውላ ተቀምጠው ቁልቁል ይንሸራተታሉ፤ ጉልበት ተልጦ፣ አፍ አሸዋ ሞልቶ ታች ሲደረስ ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ወደ እኛ አገር የሚመጣውም እንዲሁ ነው። አፋር ይወርዳል፤ በበረሃው ሙቀት በላንድክሩዘር ሲንገጫገጭ ይውላል፤ ፍራሹን ግመል ተሸክማለት ኤርታሌን በጨለማ ይወጣል። የፈነዳው ጎማ፣ የተበላሸው ሆድ፣ የጠፋው ጫማ ሁሉ አገሩ ሲገባ የጨዋታው ማጣፈጫ ይሆንለታል። በዚህ ቅር የሚለኝ የለም። ቅር የሚለኝ፣ በክረምት ጎጃም ውስጥ ከብቸና ገጠር ተነሥቶ ሞጣ ለመድረስ ከንጋት እስከ ምሽት የፈጀ ሰው ያንኑ መከራ በሙሉ ተቀብሎ፣ ያውም እሳተ ገሞራ እየረገጠ ሄዶ፣ «የት ቆየህ?» ሲሉት «መንገድ ላይ» ብሎ ዝም ማለቱ ነው።

ነገሩ የማጋነን እንዳይመስል ማስረጃውን ከመሬቱ ልጀምር። የሰሜኑ ደጋ የተቀመጠበት ጥቁር ድንጋይ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከምድር ስንጥቅ እየገነፈለ፣ ሊጥ ምጣድ ላይ እንደሚዘረጋ ሜዳ ለሜዳ እየሰፋ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተነባበረ የረጋ ቅልጥ ዓለት ነው። ከዚያ በኋላ በዚሁ ንጣፍ ላይ ሰፋፊ ተራሮች ተነሡ። የሥነ ምድር ሊቃውንት ጋሻ እሳተ ገሞራ ይሏቸዋል፤ የግርጌያቸው ስፋት ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ራስ ደጀን ዘመን ከሸረሸረው ከእንዲህ ያለ ተራራ የቀረ ጫፍ ነው። የጎጃሙ ጮቄም የዚሁ ወገን ነው፤ ዕድሜው 22 ሚሊዮን ዓመት ያህል ይገመታል። አናቱ ከ4,000 ሜትር በላይ ሲሆን ጅብራና ጓሳ ይበቅልበታል፤ ትከሻው ላይ ገብስና ድንች፣ እግሩ ሥር ጤፍ አለ። ብቸና በደቡብ ምሥራቅ፣ ሞጣ በሰሜን በኩል ግርጌውን ይዘው ተቀምጠዋል። ጮቄን የበደለው ጨዋነቱ ነው። ሰው እሳተ ገሞራ ሲባል የትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ የተሣለውን፣ አናቱ የሚጨስ ሹል ተራራ ይጠብቃል። ጮቄ ደግሞ ቀስ እያለ ከፍ ይላል፤ ተዳፋቱ ላይ ቤት ይሠራበታል፣ ይታረስበታል፣ ሠርግ ይደገስበታል፤ ከታች የመጣ እንግዳ ተራራ መውጣቱን የሚያውቀው ጋቢ ሲያምረው ነው።

ከዚህ ተነሥቼ የምለው አንድ ነገር ነው። በምሥራቅ ጎጃም የመንገደኛው መከራ የጉብኝቱ እንቅፋት አይደለም፤ ጉብኝቱ ራሱ እርሱ ነው። እሳተ ገሞራውን ለማየት ጫፉ ድረስ መውጣት አያስፈልግም፤ እርሱ ራሱ በወንዝ፣ በጭቃና በገደል እየተመሰለ መናኸሪያ ድረስ ወርዶ መንገደኛውን ይቀበላል። ወንዙን እንይ። ጮቄ መሐል ላይ ከፍ ብሎ ዙሪያውን ዝቅ የሚል ስለሆነ ውኃው ወደየአቅጣጫው ነው የሚወርደው፤ ጨሞጋ ወደ ደቡብ፣ ሙጋና ሱሃ ወደ ምሥራቅ፣ ሌሎቹም በየፊናቸው። ከደጀን ተነሥቶ በብቸና፣ በደብረ ወርቅ፣ በፈለገ ብርሃንና በሞጣ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚያቀናው መንገድ ደግሞ ተራራውን በምሥራቅ በኩል የሚዞር ነው። ከአንድ አናት ወደ ዙሪያው የሚወርዱ ወንዞችን በዙሪያው የሚሄድ መንገድ በደረሰበት ወገን አንዱንም ሳያስቀር ይሻገራቸዋል፤ ከዚህ የሚያመልጥበት ስሌት የለም። ስለዚህ መኪናው ይወርዳል፣ ድልድይ ያልፋል፣ ይወጣል፤ ገና ማርሽ ሳይቀይር ደግሞ ይወርዳል። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን እግረኛው ውኃው እስኪጎድል ዳር ላይ ተቀምጦ ስንቁን ይጨርስ ነበር። ዛሬ ድልድይ አለ፤ የተረፈው የሆድ ነገር ነው። ጠመዝማዛው መንገድ የሆድን ይዘት ያናውጣል፤ ለዚህ መድኃኒቱ መስኮት መክፈት ሲሆን፣ መስኮት እንዳይከፈት ደግሞ «ምች ይመታኛል» የሚሉ እናት ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፤ ረዳቱ ፌስታል ያድላል። ጓቲማላ ውስጥ ይህንን ሁሉ የሚያሟላ ጉዞ ቢኖር ከፍለው ይሰለፉለት ነበር።

ጭቃው ላይ ግን ጠለቅ ማለት ያስፈልጋል፤ የጮቄ ዋና ሥራው እርሱ ነውና። ጥቁር ድንጋይ ፀሐይና ዝናብ ዘመን ለዘመን ሲፈራረቁበት ይበሰብስና ጥቁር አፈር፣ ማለትም ዋልካ ይሆናል። ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ተኮማትሮ ይሰነጠቃል፤ በበጋ ስንጥቁ እጅ ያስገባል፣ በክረምት እግር አያስወጣም። እግረኛው መንገድ ሲጀምር የነበረው ቁመት ግማሽ ሰዓት ሄዶ ከሚኖረው ቁመት ያነሰ ነው፤ ትርፉ ጫማው ላይ የተለጠፈው ነው። ትንሽ ቆይቶ ጫማው ራሱ ይቀራል። ይሁን እንጂ ይህ አፈር የሚንቀው ባዶ እግርን ብቻ ቢሆን ኖሮ ትዕቢቱ ቀላል ነበር። መሐንዲስንም ይንቃል። መንገድ ሲሠራ ጥቁሩ አፈር ተቆርጦ ወጥቶ በምትኩ ገረጋንቲ ካልተሞላና ካልተጠቀጠቀ፣ ውኃ ከጎን ሰርጎ ሲገባ ከሥር ያብጥና አስፋልቱን ያነሣዋል፤ በጋ ሲሆን ይኮማተርና አስፋልቱን ይሰነጥቀዋል። በዚህ ምክንያት ነው ቀጥ ብሎ የተተከለው ምሰሶ ከሁለት ክረምት በኋላ የዘመመው፣ የቤቱም ግድግዳ ከማዕዘኑ ወደ መስኮቱ የተተረተረው። ዋናው መንገድ አስፋልት ቢነጠፍለትም ከአስፋልቱ ወደየቀበሌው የሚታጠፈው መንገድ የጮቄ እንደሆነ ነው፤ ሐምሌ ላይ አይሱዙ እስከ አክሱ ሲቀበር ሾፌሩ ጎማውን ይረግማል፣ ረዳቱ ቅጠልና ድንጋይ ሊለቅም ይሮጣል፣ ተሳፋሪው ወርዶ ይገፋል፤ ከሥር የያዛቸውን ግን ማንም በስሙ አይጠራውም። ኤርታሌ ላይ ቅልጥ ዓለት የነካው ሰው ቢገኝ በዓለም ሁሉ ስሙ ይጠራ ነበር። እዚህ እስከ ጉልበቱ የገባበት ሰው እግሩን ታጥቦ ይተኛል።

መኪናው የጫነው ደግሞ ምን እንደሆነ ልብ ይባል። ጤፍ እንደ ሌላው እህል ሥሩ ውኃ ሲተኛበት ቶሎ የሚሞት አይደለም፤ ሌላው ዘር የሚታፈንበትን ጥቁር ጭቃ ይታገሠዋል። ስለዚህ የእነማይ፣ የሸበል በረንታና የደጀን ሜዳ የጤፍ አገር ሆነ፤ የጎጃም ጤፍ ሲባልም አዲስ አበባ ላይ ዋጋ ያወጣል። ጤፉን ያበቀለው ጭቃ ጤፉን የጫነውን መኪና ይይዘዋል። ይህ አለመግባባት አይመስለኝም፤ የሰጠውን ሲወስዱበት ትንሽ ይዞ ማቆየቱ ነው። የተራራውን በጎነትና ክፋት ለይቶ፣ በጎውን ለአፈር ሰጥቶ ክፉውን ለመንገድ ማሸከም የማይቻለው ለዚህ ነው። ነገሩ አንድ ነው።

ሦስተኛው ገደል ነው። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን በሦስት ወገን ሲከብብ መሐል ላይ የሚተወው ጮቄን ነው። እየቆረጠ የወረደው ያንኑ የተነባበረ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሰርስሮ ከድንጋዩ ሥር ያለውን ኖራ ድንጋይና አሸዋ ድንጋይ ሳይቀር አውጥቶታል። ከአዲስ አበባ ወደ ብቸና የሚሄድ ሰው ይህን ገደል ወርዶ፣ የሕዳሴን ድልድይ ተሻግሮ፣ ደግሞ ይወጣል። ዳገቱ ላይ የሚንሸራተት ናዳ መንገዱን አንዴ ይደረምሰዋል፣ አንዴ ይቆለምመዋል፤ የፍሬን ሽታ ሲመጣ ያላመነ ሁሉ ማማተብ ይጀምራል። በሞጣ በኩል ደግሞ ሰባራ ድልድይ አለ። በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት ይህ የድንጋይ ድልድይ ጎጃምን ከበጌምድር የሚያገናኝ ነበር፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች የመካከሉን ቅስት አፈረሱት። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ገበያተኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያ ማዶ በቆሙ ሰዎች እየተጎተተ፣ ዓባይን ከበላዩ በአየር ተሻገረ። ፎቶግራፉን እ.ኤ.አ. በ2001 መጽሔት ላይ ያየው አሜሪካዊው ኬን ፍራንትዝ ለዚሁ ጉዳይ ድርጅት እስከማቋቋም ደረሰ፤ ድልድዩም ተጠገነ። እ.ኤ.አ. በ2005 ጎርፍ ጥገናውን ይዞት ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። በሌላው ዓለም ሰው በገመድ ታስሮ ገደል ለመሻገር ገንዘብ ይከፍላል፣ መድን ይገባል፣ የራስ ቁር ይደፋል። የሞጣ ገበያተኛ ግን በአንድ እጁ ዶሮ ይዞ ነበር ቢባል ማንም አይጠራጠርም።

እስካሁን የሰማ ሰው የሚያነሣው የመጀመሪያ ተቃውሞ ግልጽ ነው፤ «እሳቱስ የታለ?» ይላል። እሳት የሌለበት እሳተ ገሞራ ጠላ የሌለበት ድግስ ነው ማለቱ ነው። መልሴ፣ እሳት ለእንግዳ የሚታመን አስተናጋጅ አይደለም የሚል ነው። የኤርታሌ የቅልጥ ዓለት ሐይቅ ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በጥር 2009 ዓ.ም. ሞልቶ ፈሰሰ፤ ብዙም ሳይቆይ ከጎኑ ስንጥቅ ተከፍቶ ሐይቁ ወደ ታች ወረደ። ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ የወጣ እንግዳ አፋፉ ላይ ሲደርስ የጠበቀው ጢስ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ጢስ ደግሞ ማንኛውም ማጀት ውስጥ በነፃ ይገኛል። ሃይሊ ጉቢ ደግሞ በተቃራኒው ነው። በሺህ ዓመታት ውስጥ ፈነዳ የሚል የተጻፈ ነገር ያልነበረው ይህ የአፋር ተራራ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ድንገት ተነሣ፤ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንንና ኦማንን አልፎ ፓኪስታንና ህንድ ሰማይ ላይ ደረሰ፤ የህንድ አየር መንገዶች በረራ ሰረዙ። አፋርን በካርታ እንኳ አይቶ የማያውቅ ሰው ዴልሂ አውሮፕላን ጣቢያ ውስጥ ሻንጣው ላይ ተቀምጦ ዋለ። በ2002 ዓ.ም. ሚያዝያም የአይስላንዱ ኤያፍያላዮኩል፣ ስሙን ጠርቶ የጨረሰ ጋዜጠኛ ሳይገኝ፣ ወደ 100,000 የሚጠጋ በረራ አስተጓጎለ። እንግዲህ እነዚያ ሁሉ በየጣቢያው ያደሩ መንገደኞች ምን ዓይነት እሳት አዩ? ምንም አላዩም፤ መዘግየታቸውን ብቻ ነው ያዩት። ሆኖም የእሳተ ገሞራ ሰለባ መባላቸውን ማንም አልተከራከረም። ዴልሂ ላይ ለአንድ ቀን የሠራ ሕግ ብቸና ላይ ለ22 ሚሊዮን ዓመት የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። የጮቄ ጭቃ እንደውም ቃሉን ይጠብቃል፤ ሰኔ ሲገባ ይመጣል፣ ማስያዣ አይጠይቅም፣ አይሰረዝም።

ሁለተኛው ተቃዋሚ ሕግ አዋቂ ነው። «የሞተ ተራራ አይከሰስም፤ ጥፋቱ የሰው ነው» ይላል። ትርፍ የጫነው ማን ነው? «ሞላ፣ አንድ ሰው ብቻ ቀረው» እያለ ባዶ ሚኒባስ መናኸሪያ ላይ ሁለት ሰዓት ያቆመው ተራራው ነው? ውኃ መውረጃ ቱቦ በጊዜ ያልጠረገው፣ ገረጋንቲውን ሳስቶ ያፈሰሰው ማን ነው? ይህ ክርክር እውነት አለው፤ ይዤው እሄዳለሁ። በመንገዱ ላይ ከሚደርሰው ሁሉ የረዳቱ ውሸት፣ የተላጨው ጎማ፣ በዘፈን ጉዳይ የሚነሣው ጠብ ከጮቄ ሒሳብ ይቀነስ። በጸጥታ ችግር የሚዘጋ መንገድም የተራራው ዕዳ አይደለም፤ ቀልድም አይሆንም። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚተርፈው ግን ትንሽ አይደለም። ሰው ሲያጠፋ ያጠፋው ምንን ተማምኖ እንደሆነ ማየት ነው፤ ሳስቶ የተሞላ ገረጋንቲ በአሸዋማ አገር ዓመታት ይከርማል፣ ዋልካ ላይ ግን አንድ ክረምት አይጨርስም። ቸልተኝነት በየአገሩ አለ። ፍርዱ እንዲህ ፈጥኖ የሚመጣው የፈራጁ አገር ሲሆን ነው። ሞተ ለሚለው ቃልም ቢሆን ማስረጃ ያስፈልጋል፤ እንደዚህ ቤት የሚሰነጥቅ፣ ምሰሶ የሚያዘምም፣ ጫማ የሚያስወልቅ ሬሳ ታይቶ አያውቅም።

የሚከብደው ሦስተኛው ተቃውሞ ነው። «ጉብኝት በፈቃድ ነው፤ የብቸና ሰው ወዶ አይደለም የሚሄደው» የሚለው። ሐኪም ቤት የሚሄድ፣ ልጅ ሊድር የሚሄድ፣ በሬ ሊሸጥ የሚሄድ ሰው የደረሰበትን ችግር ጉብኝት ብሎ ማቆላመጥ ግፍ ነው ይላሉ፤ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ስትሄድ ጭቃው ምን የሚያስቅ ነገር አለው? የለውም። እርሷን ከዚህ ጨዋታ ማውጣት ግዴታ ነው፤ ለእርሷ የሚያስፈልጋት ወግ ሳይሆን መንገድ ነው። ነገር ግን ፈቃድና ግዴታ እንዲህ በቀላሉ አይለያዩም። ምሥራቅ ጎጃም ገና ዱሮ በጀርባው ጓዝ ያዘለ፣ ገንዘብ ያልያዘ፣ የት እንደሚያድር የማያውቅ ወጣት መንገደኛ ያየች አገር ናት፤ የቆሎ ተማሪውን ማለቴ ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ በትር ይዞ፣ ከብቸና አቅራቢያ ወዳለው ወደ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ከዚያም ቅኔ ፍለጋ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ይሄዳል። ወዶ ነው የወጣው፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ከወላጅ ጠፍቶ ነው። የደረሰበት ሁሉ ከዛሬው የውጭ ወጣት ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ ውሻ፣ ቁንጫ፣ ዝናብ፣ የሞላ ወንዝ፣ እምቢ ያለች ባለቤት። ልዩነቱ የእኛው ተማሪ መከራውን በቅኔ አስሮ ለመምህሩ ሲያቀርብ፣ የዛሬው በፎቶግራፍ ማስቀመጡ ነው።   

እንግዲህ አንድ ቀን ጮቄን የሚያስጎበኝ ሰው ተነሥቶ ዋጋ ቢቆርጥ፣ የዋጋው ዝርዝር የሚያስቸግር ነው የሚሆነው። በመስከረም መጨረሻ፣ ደመናው ሲገፈፍና አደይ ሲፈነዳ የሚመጣው እንግዳ ቀላሉን ይክፈል፤ ተራራውን ከሩቅ ነው ያየው። ነሐሴ ላይ የሚመጣው ግን ሙሉውን አገልግሎት ያገኛልና እጥፍ መክፈል አለበት፤ ጭቃውን፣ ወንዙን፣ ናዳውን፣ ከአክሱ በላይ የተቀበረውን መኪና ሁሉ ያገኛል። የሚያከራክረው ገንዘቡ ለማን ይግባ የሚለው ነው። አስጎብኚው ለራሱ ይላል፣ ወረዳው ለወረዳው ይላል። የተያዘ መኪና ባለበት ሁሉ ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ የሚደርሱት፣ ሱሪያቸውን እስከ ጭን ሰብስበው «ስንት ትሰጡናላችሁ?» የሚሉት ጎረምሶች ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አይጠብቁም፤ ተመኑን ቀድመው ወስነው መግፋት ጀምረዋል።